ተመልካቹ ከመቀመጫው ሲነሣ፦ ስለ አሳታፊ ተውኔትና ስለ ችግረኛ ወጣቶች ትምህርት የቀረበ ዳሰሳ

ተውኔት ሰውን ያስተምራልን? የሚለው ጥያቄ በአገራችን ከተውኔት ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በውጭ አገር ያዩትን የመድረክ ጥበብ ወደ አማርኛ አምጥተው፣ በአውሬዎች ተረት ተከልለው የዘመናቸውን አስተዳደር ለመገሠጽ በተነሡ ጊዜ፣ ዓላማቸው ተመልካቹን ከማሳቅ አልፎ ልቡናውን ማንቃት ነበር፤ ተውኔታቸው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት መታገዱም የዚህን ጥበብ ኃይል ከሚወዱት ሰዎች ይልቅ የሚፈሩት ቀድመው እንደ ተረዱት ያመለክታል። ከእሳቸው በኋላ የቅኔው ሊቅ ዮፍታሔ ንጉሤ ለተማሪዎች ተውኔት እየጻፉ ፍቅረ ሀገርን ሲያስተምሩ፣ በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበርም ሕዝቡን ለመጪው ጦርነት ሲቀሰቅስ፣ መድረኩ መምህር፣ ታዳሚው ደቀ መዝሙር ነበር። ታዳሚው ያያል፣ ይሰማል፣ ያለቅሳል፣ ያጨበጭባል፤ ከዚያም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ግን ታዳሚው ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት ከመቀመጫው ተነሥቶ የተውኔቱን ነገር የሚለውጥበትን ሥርዓት ነው፤ ይልቁንም ያ ታዳሚ ትምህርት ቤት ያልተቀበለው፣ ወይም ተቀብሎ መልሶ የጣለው ወጣት በሚሆንበት ጊዜ ምን ይማራል? የሚለውን ነው። ስለዚህ ነገር በየአገሩ የተጻፈውና የተሠራው ብዙ ነው፤ የሚያመሰግኑትም የሚነቅፉትም አሉ። እኔ ሁሉን ከመረመርሁ በኋላ የምፈርደው፣ ጥቅሙም ጉዳቱም በአንድ ነገር ላይ እንደሚንጠለጠል ነው፤ ይኸውም ወጣቱ ታሪኩን ለመለወጥ የተሰጠው ሥልጣን እውነተኛ መሆኑ ወይም የይስሙላ መሆኑ ነው።

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ በምሳሌ ማስረዳት ይሻላል። አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ከገጠር ወደ አዲስ አበባ መጥታ በሰው ቤት ተቀጠረች እንበል፤ እትዬ ማታ ማታ ትምህርት ቤት እንደሚልኳት ለአክስቷ ቃል ገብተዋል። መስከረም ይጠባል፣ ምዝገባው ያልፋል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ሕፃኑ ይታመማል፣ እንጀራው ያልቃል፤ ልጅቱ በጠየቀች ቁጥር የሚሰጣት መልስ “ነገ” ነው፤ በመጨረሻም ደብተሯ ለምጣዱ እሳት ማቀጣጠያ ሲሆን ተውኔቱ ያበቃል። አስተባባሪው ወጥቶ ተመልካቾቹን፣ “ይህ ነገር በእናንተ ሰፈር ይሆናል?” ብሎ ይጠይቅና ተውኔቱ ከመጀመሪያው እንደ ገና ይታያል፤ በዚህ ጊዜ ግን “ቁም!” ብሎ የሚነሣ ሁሉ የልጅቱን ቦታ ወስዶ ሌላ መንገድ እንዲሞክር ተፈቅዶለታል። አንዷ ተነሥታ ሥራ አልሠራም ትላለች፤ እትዬን ሆና የምትጫወተው ተዋናይት “እንግዲያው ልብስሽን ሰብስቢ” ትላታለች፤ ልጅቱም የምታድርበት እንደሌላት ያን ጊዜ ትዝ ይላታል። ሌላዋ ጥያቄውን በእንግዶቹ ፊት ታነሣለች፤ እትዬ ያፍራሉ፣ እሺ ይላሉ፣ እንግዶቹ ሲሄዱ ግን ዋጋዋን ይሰጧታል። ሦስተኛው፣ ወንድ ልጅ ይሁን፣ ወደ አክስትየዋ ይሄዳል፤ እዚያም ደመወዟን በየወሩ የምትቀበለው አክስትየዋ መሆኗ ይገለጣል፤ ደራሲው ያላሰበው ትዕይንት በዚያው በመድረኩ ላይ ይፈጠራል። ከዚህ በኋላ ተመልካቹ ስለ ሥራ ውል፣ ስለ ወር ደመወዝ ሒሳብ፣ ቃል ስለ መስጠትና ስለ ምስክር መከራከር ሲጀምር፣ ይህን ሁሉ በሰሌዳ ላይ ጽፎ ለማስተማር የሚሞክር መምህር ምን ያህል ጊዜ በፈጀበት ነበር!

የዚህ ሥርዓት ምንጭ ብራዚል ነው። ፓውሎ ፍሬሬ የተባሉት መምህር እ.ኤ.አ. በ1963 አንጂኮስ በምትባል ትንሽ ከተማ 300 ያህል ሠራተኞችን በ40 ሰዓት ትምህርት ፊደል ያስቆጠሩት፣ ከራሳቸው የዕለት ኑሮ የተወሰዱ ቃላትን መነሻ በማድረግ ነበር። በዓመቱ ወታደሮች መንግሥቱን ሲገለብጡ ፍሬሬ ታሰሩ፣ ቀጥሎም ተሰደዱ፤ በስደት ሳሉ በጻፉትና የተጨቋኞችን ትምህርት በሚመለከተው መጽሐፋቸውም፣ መምህሩ ዕውቀትን እንደ ገንዘብ የሚያስቀምጥበት፣ ተማሪውም ባዶ ካዝና ሆኖ የሚጠብቅበት ትምህርት ሰውን ከባርነት እንደማያወጣ ተከራከሩ።

ይህን አሳብ ወደ መድረክ ያመጡት አውጉስቶ ቦአል የዚሁ አገር ሰው ነበሩ፤ በትምህርታቸው የኬሚካል ምሕንድስና፣ በፍቅራቸው ግን የተውኔት ሰው ነበሩ። በሳኦ ፓውሎ ከተማ የአሬና ቲያትር አዘጋጅ ሳሉ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ወርደው፣ ገበሬዎች ለመሬታቸው ደማቸውን እንዲያፈስሱ የሚቀሰቅስ ተውኔት ጠመንጃ ይዘው አሳዩ። አንድ ገበሬ በነገሩ እጅግ ተነክቶ፣ ምሳ አብረን እንብላና እነዚህን ጠመንጃዎች ይዛችሁ ከእኛ ጋር የባለርስቱን ወታደሮች ለመውጋት እንሂድ አላቸው። ጠመንጃው የእንጨት መሆኑን፣ እነርሱም ተዋንያን እንጂ ተዋጊዎች አለመሆናቸውን ሲነግሩት፣ ገበሬው እንግዲያው ይፈስሳል የምትሉት ደም የእናንተ ሳይሆን የእኛ ነው ማለት ነው ብሎ መለሰላቸው። ቦአል ከዚያ ወዲህ ራሳቸው የማያደርጉትን ነገር ለሌላው የሚመክር ተውኔት አልሠሩም። ይህን ታሪክ የወጣት ትምህርት ተውኔት የሚያዘጋጅ ሰው ሁሉ በጠረጴዛው ላይ ቢያኖረው እወዳለሁ፤ ከትምህርት ቤት አትቅሩ፣ ሱስን ሽሹ፣ ወደ ውጭ አትሰደዱ ብሎ የሚመክረው ሰው ማታ የሚገባበት ቤትና በወሩ መጨረሻ የሚቀበለው ደመወዝ አለውና።

ቦአል እ.ኤ.አ. በ1971 ታስረው ተሠቃዩ፣ ከዚያም ወደ አርጀንቲና ተሰደዱ፤ በ1973 ደግሞ የፔሩ መንግሥት በጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተካፈሉ። ፔሩ ያን ጊዜ ከነበሯት 14 ሚሊዮን ሰዎች ከሦስት እስከ አራት ሚሊዮን የሚሆኑት ማንበብ የማይችሉ ወይም በጥቂቱ ብቻ የሚችሉ እንደሆኑ ይገመት ነበር፤ ብዙዎቹም የአፍ መፍቻቸው ስፓኒሽ አይደለም። በዚያ ዘመቻ የተደረገ አንድ ነገር ለዚህ ጉዳይ ከብዙ ሐተታ ይበልጣል። ለተማሪዎቹ የፎቶግራፍ መሣሪያ እየተሰጠ፣ ጥያቄውን በቃል ሳይሆን በሥዕል እንዲመልሱ ይደረግ ነበርና፣ ብዝበዛ ምንድን ነው? ተብሎ ሲጠየቅ አንዱ የባለሱቁን፣ ሌላው የመንግሥት ሹሙን፣ ሌላውም የቤት አከራዩን ፎቶ አነሣ፤ አንድ ልጅ ግን በግድግዳ ላይ የተመታ ምስማር አንሥቶ መጣ። ትልልቆቹ ምንም ሊገባቸው አልቻለም፤ ልጆቹ ግን በአንድ ቃል ልክ ነው አሉ። ነገሩ ሲመረመር፣ በሊማ ከተማ ጫማ የሚጠርጉት ልጆች የሚኖሩት ሥራቸው ካለበት ከመኻል ከተማ ርቀው ስለሆነ፣ ሣጥናቸውን በየማታው ተሸክመው መመላለስ አይችሉምና በየሱቁ ግድግዳ ምስማር ተከራይተው ይሰቅሉት ነበር። የእኛ ሊስትሮዎች ሣጥናቸውን የት እንደሚያሳድሩና ለማን ምን እንደሚከፍሉ ከእኛ መካከል ጠይቆ የሚያውቅ ስንት ሰው ነው?

በቦአል ተውኔት ተመልካች ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ የወጣው በዚያው በፔሩ ነው ይባላል። ማንበብ የማትችል አንዲት ሴት ባሏ ስለ ቤት ሥራ የተጻፈ ሰነድ ነው ብሎ አደራ የሰጣትን ወረቀት ለጎረቤቷ ብታስነብበው፣ የውሽማው የፍቅር ደብዳቤ ሆኖ ተገኘ፤ እንግዲህ ባልየው ማታ ሲመጣ ምን ታድርግ? ተብሎ ለተመልካች ቀረበ። ከተመልካቾቹ አንዲት ሰውነተ ግዙፍ ሴት በግልጽ ታነጋግረውና ከዚያ ይቅር ትበለው ስትል፣ ተዋናይቱ ደጋግማ ብታነጋግረውም ሴትዮዋ እንዲህ አይደለም እያለች ተቆጣች። ቦአል ግራ ቢገባቸው፣ እንግዲያው ራስሽ ወጥተሽ አሳዪን አሏት፤ ወጥታም መጥረጊያውን አንሥታ ባልየውን ሆኖ የሚጫወተውን ሰው አቅሙ እስኪከዳው ደበደበችውና፣ በደንብ ከተነጋገሩ በኋላ ይቅር ብላ እራቱን ራሱ እንዲያመጣ አዘዘችው። ድብደባውን አላመሰግንም፤ ነገር ግን ተዋናይ የሌላውን ሰው አሳብ ወኪል ሆኖ በትክክል ሊያቀርብ እንደማይችል፣ ባለቤቱ ራሱ ወጥቶ ማሳየት እንዳለበት ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ከአፍሪቃ ምድር ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ የሚልቀው ምስክር በኬንያ ሊሙሩ አጠገብ የሚገኘው የካሚሪቱ መንደር ነው። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ንጉጊ ዋ ሚሪ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ሆነው በመጀመሪያ የመሠረተ ትምህርት ክፍል አቋቋሙ፤ ከዚያም በኪኩዩ ቋንቋ ተውኔት ጻፉ፤ ጽሑፉ በሕዝብ ፊት እየተነበበ ሽማግሌዎቹ ንግግሩን ሲያርሙ፣ የፋብሪካና የእርሻ ሠራተኞችም በተውኔቱ ውስጥ የሚነገረውን የደመወዝ ሒሳብ ከራሳቸው ኪስ እያመሳከሩ ያቃኑ ነበር። ከ2,000 ሰው በላይ የሚይዘውን ጣሪያ የለሽ መድረክ የሠሩት ራሳቸው ናቸው። ተውኔቱ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 1977 መታየት ጀመረ፤ ኅዳር 16 ቀን ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ዕለት ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ተያዙና አንድ ዓመት ያህል ያለ ፍርድ ታሰሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ መድረኩ ራሱ ፈረሰ። የኬንያ መንግሥት ደራሲው በእንግሊዝኛ የጻፉትን ሲታገሥ ኖሮ ገበሬዎቹ ያረሙትን ተውኔት ያልታገሠበት ምክንያት ግልጽ ይመስለኛል።

በእንግሊዝ አገር ነገሩ ከአብዮት ይልቅ ከመማሪያ ክፍል የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የኮቨንትሪው ቤልግሬድ ቲያትር ተዋንያኑን ወደ ትምህርት ቤቶች እየላከ ተማሪዎች የሚካፈሉበትን ተውኔት ጀመረ፤ በ1991 ደግሞ በለንደን ካርድቦርድ ሲትዝንስ የተባለው ቡድን የቦአልን ሥርዓት ይዞ ቤት ከሌላቸው ሰዎች ጋር መሥራት ያዘ። ይልቁንም ሊወሱ የሚገባቸው ዶሮቲ ሂዝኮት ናቸው። በ14 ዓመታቸው ከትምህርት ወጥተው በሸማ ፋብሪካ ተቀጥረው የሠሩትን እኚህን ሴት፣ የፋብሪካው ጌታ ራሱ የትምህርታቸውን ዋጋ ከፍሎ፣ ካልሆነልሽም ሦስቱ የሽመና መኪኖችሽ ይጠብቁሻል ብሎ ወደ ተውኔት ትምህርት ቤት ላካቸው፤ በኋላም በኒውካስል የመምህራን መምህር ሆኑ። ከሥራቸው የታወቀው “የባለሙያ ካባ” የሚባለው ነው፦ ተማሪዎቹ የአንድ ቤተ መዘክር ጠባቂዎች፣ ወይም የድልድይ መሐንዲሶች ሆነው ካባውን ይደርባሉ፤ መምህሪቱ ግን ምንም የማታውቅ ባለጉዳይ ሆና ትጠይቃቸዋለች። ሰነፍ ተብሎ የተናቀ ልጅ አዋቂ መሆን ግድ ሲሆንበት መጽሐፉን ሳይታዘዝ ይገልጣል። በዚህ ዘዴ ጭቆና የሚል ቃል አይነሣም፤ እኔም ለታዳጊዎች ከቦአል ይልቅ ይህኛው ይስማማል ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ልጅን የራሱን መከራ እንዲተውን ከመጠየቅ የሌላውን ሰው ሥልጣን እንዲለብስ መጋበዝ ይሻላልና።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው የውዝዋዜ አዘጋጅ ሮይስተን ማልዱም በአዲስ አበባ መቶ ያህል የጎዳና ልጆችን ይዘው ታላቅ ትርኢት አሳዩ፤ ከእነዚያም ልጆች መካከል የተመረጡት 18 ወጣቶች አዱኛ በተባለው የማኅበረሰብ የውዝዋዜና የቲያትር ቡድን አምስት ዓመት ሠለጠኑ፤ ከዚያም ራሳቸው አሠልጣኝ ሆነው ሌሎች የጎዳና ልጆችንና አካል ጉዳተኞችን አስተማሩ፤ ከላይ በምሳሌ ያስረዳሁትን፣ ፎረም ቲያትር የሚባለውን የቦአልን ሥርዓትም ተለማመዱ። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ከዚህ በቀር በአገራችን በስፋት የታየው ግን ሌላ መልክ ያለው ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በየትምህርት ቤቱና በየቀበሌው የተቋቋሙት የፀረ ኤድስ ክበባት ያሳዩት የነበረውን አጭር ድራማ ብዙ አንባቢ ያስታውሰዋል፦ ወጣቱ ይሳሳታል፣ ይታመማል፣ እናት ደረቷን ትመታለች፣ በመጨረሻም አንድ ተዋናይ ወደ ፊት ወጥቶ ምክሩን ይናገራል። ከዚያ ጥያቄ ይጠየቃል፤ ትክክለኛውን መልስ ለመለሰ ካናቴራ ይሸለማል። ልጆቹ ከልባቸው መሥራታቸውን አልክድም፤ ብዙዎቹም በመድረክ ላይ መናገርን የለመዱት በዚያ ነው። ነገር ግን መልሱ አስቀድሞ በረጂው ድርጅት ዕቅድ ውስጥ ተጽፎ ሳለ ተመልካቹን ተሳተፍ ማለት ስብከትን በከበሮ ከማጀብ አይለይም፤ የሚማረው ቢኖር ትልልቆቹ ሊሰሙት የሚወዱትን መናገር ነው፤ ይህንንም ችግረኛ ልጅ ከማንም በፊት ያውቀዋል።

ሌላም ጉዳት አለ፤ እርሱም ከዚህ የከፋ ነው። አስተባባሪው ነገሩ እውነተኛ እንዲሆን ከመጓጓቱ የተነሣ የተደፈረችውን ልጅ ስለ መደፈሯ፣ የተጣለውን ልጅ ስለ መጣሉ እንድትተውንና እንዲተውን ያደርጋል፤ ተመልካቹ ያጨበጭባል፤ ልጅቱ ግን ምሥጢሯ ከተገለጠባቸው ሰዎች ጋር በዚያው ሰፈር ታድራለች። ስለዚህ ታሪኩ ከብዙ ልጆች ኑሮ ተውጣጥቶ የማንም የግል ገመና እንዳይሆን መደረግ አለበት፤ ከትርኢቱም በኋላ ልጅ አልቅሶ የሚመጣበት የታመነ ሰው በስፍራው መገኘት አለበት። ይህን ማድረግ የማይችል ባይጀምረው ይሻላል።

ከነቀፌታዎቹ ሁሉ ግን የሚከብደው፣ መድረክ ላይ ያሸነፈች ልጅ ቤቷ ስትመለስ ያው እትዬ ይጠብቋታል የሚለው ነው። ቦአል ራሳቸው በመድረክ ላይ የሚቀርብ የማይመስል መፍትሔን ተአምር ነው ብለው ተመልካቹ እንዲያስቆመው ያደርጉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1996 የሪዮ ዴ ጃኔይሮ ከተማ ምክር ቤት አባል በሆኑ ጊዜም በየሰፈሩ በፎረም ቲያትር ከተነሡት ጥያቄዎች 13 ሕጎች እንዲወጡ አድርገዋል። ስለዚህ ሥርዓቱ የመድረኩን ቃል የሚቀበል ሹም ሲያገኝ ከምክር አልፎ ሕግ ሊሆን ይችላል፤ ካላገኘ ግን ወጣቱን ያለ ጋሻ ለውጊያ መላክ ይሆናል።

አሳታፊ ተውኔት ለባህላችን እንግዳ ነው የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል። በድሮው ችሎት በልሃ ልበልሃ ሲባባሉ ተመልካቹ ዝም ብሎ ይቀመጥ ነበርን? በሸንጎ የተቀመጡት ሰዎች አሳባቸውን ሲሰጡ ከታናሹ ተጀምሮ ወደ ታላቁ መድረሱም ታናሹ የታላቁን ፊት ዐይቶ እንዳይፈርድ ታስቦ አይደለምን? በቤተ ክህነት ትምህርት ደግሞ በንባብ ቤትና በዜማ ቤት የተሰጠውን ሲቀበል የኖረው የቆሎ ተማሪ፣ ቅኔ ቤት በገባ ጊዜ የመምህሩን ቅኔ ደግሞ መናገር አይበቃውም፤ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ማቅረብ፣ መታረምና መከራከር ይኖርበታል። ቁራሽ እየለመነ የሚማር ድኻ ልጅ ፈጣሪ እንዲሆን የሚያስገድድ ትምህርት በአገራችን ዘመናትን ያስቆጠረ ነው። ይህን ልማድ ያስቀረው ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ነው፤ የድራማ ክበቡ እንኳ በወላጆች በዓል መምህሩ የጻፈውን በቃል አጥንቶ የሚያሳይ ሆኗል።

እንግዲህ ጥቅሙ በምን ይመዘናል? አን ፖድሎዝኒ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 በክፍል ውስጥ ድራማ ላይ የተደረጉ 80 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው፣ ታሪክን በትወና የተማሩ ልጆች ያን ታሪክ ብቻ ሳይሆን ሌላ አዲስ ጽሑፍም በተሻለ ሁኔታ እንደሚረዱ አግኝተዋል፤ ለእኔ ከሁሉ የሚታመነው ማስረጃ ይህ ነው። በአውሮፓና በአካባቢዋ ባሉ 12 አገሮች 4,475 ተማሪዎችን የተመለከተውና እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ጥናትም፣ በተውኔት ትምህርት የተካፈሉት በንባብና በንግግር ይበልጥ እንደሚተማመኑ፣ ትምህርት ቤትንም ይበልጥ እንደሚወዱ ዘግቧል፤ ነገር ግን ከዚህ ብዙው ተማሪው ስለ ራሱ የመሰከረው ስለሆነ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል። የፎረም ቲያትር በተለይ የጎዳናን ልጅ ወደ ትምህርት ገበታ መልሶ ያጸናዋል ለማለት ግን ከትርኢቱ ማግሥት የሚሰበሰብ መጠይቅ አይበቃም፤ ልጁ በጭብጨባው ሙቀት ውስጥ ሳለ የሚሰጠው መልስ ነውና። የአዱኛ ወጣቶች አምስት ዓመት ፈጅተዋል፤ ዛሬ በየአዳራሹ የሚሰጠው የአሳታፊ ቲያትር ሥልጠና ግን አብዛኛውን ጊዜ ከነአበሉ ከሳምንት አያልፍም። ገንዘብ የሚሰጠውም ሆነ የሚቀበለው ወገን በሪፖርቱ ውስጥ ስንት ሰው ተመለከተ የሚለውን ሠንጠረዥ ትቶ፣ ከተመልካቾቹ መካከል ስንቱ በሚቀጥለው መስከረም እንደ ተመዘገበ፣ ከተመዘገቡትም ስንቱ እስከ ሰኔ እንደ ቆየ በስም እየተከታተለ ቢጽፍ፣ ይህን ክርክር የሚቀጥሉት ሰዎች ከእኔ የተሻለ የሚመሠክሩበት ነገር ይኖራቸው ነበር።